መድኃኒትና መዳን
ስለ ስኳር ሕሙማንና ስለ እንጦጦ ጠበል

በቋንቋችን «ዳነ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ከበሽታ የተነሣ ሰው ዳነ ይባላል፤ ነፍሱ ከጥፋት የተረፈችለትም ዳነ ይባላል። ከግእዙ «ድኅነ» የተወለዱት ቃላት ሁሉ ይህን መንታ ትርጉም ተሸክመው ይኖራሉ። ጌታችንን «መድኃኒታችን» ስንለው፣ ከመድኃኒት ቤት የምንገዛውን ኪኒንም «መድኃኒት» ስንል፣ በቅርብ ዘመን ለተቋቋመው የሕክምና ወጪ መረዳጃም «የጤና መድኅን» የሚል ስም ስናወጣ የምንቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው። ይህ የቋንቋችን ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ትርጉሞች ሳይለዩ ሲደባለቁ ሰው የሚሞትበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄም ከዚህ የተነሣ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ወደ ጠበል ሲሄድ መድኃኒቱን መተዉ እምነት ነውን? «ድኛለሁ» ብሎ በአደባባይ የሚመሰክርስ ለሚሰማው ወንድሙ ምን ኃላፊነት አለበት?

ጥያቄው ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከፈረንሳይ ሌጋሲዮንም ሆነ ከኮተቤ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከሚገኙት መንደሮች ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው ባሕር ዛፍ የለበሰውን ተራራ ያያል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1889 እ.ኤ.አ. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችው በዚሁ የእንጦጦ ተራራ ላይ ነው፤ የተራራው ጠበልም ከአራቱም ማዕዘን ሕሙማንን ይጠራል። ጎሕ ሳይቀድ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጀሪካን አንጠልጥለው ዳገቱን የሚወጡትን ያላየ የሰፈራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። አብዛኞቹ የእኅት ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ናቸው፤ ከእኛ ቁምስናዎችም የሚወጡ አሉ። ይህን የምጽፈው ጠበልን ለመንቀፍ አይደለም። ውኃ ባርከን የምንረጭ፣ ሕሙማንን ቅዱስ ዘይት የምንቀባ እኛ ካቶሊካውያን ለዚያ አንደበት የለንም።

ይህ ጥያቄ በእንጦጦ ከዚህ ቀደምም በብርቱ ተነሥቶ ነበር። የኤች አይ ቪ ሕሙማን በብዛት በጠበሉ አካባቢ በሰፈሩበት ዘመን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በነፃ መታደል የጀመረውን መድኃኒት ከጠበሉ ጋር አይስማማም በሚል ሐሳብ የተዉት ነበሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጠበሉ እንደማይጣሉ፣ ሕሙማንም ሁለቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ አስተማሩ። ብዙዎችን ከሞት ያተረፈ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ስኳር ሕመም ግን እንደዚያ ያለ ድምፅ ብዙ አልተሰማም፤ ነገሩ ደግሞ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት ይኖሩታል፤ ስሕተቱን ተረድቶ የሚመለስበት ጊዜ ያገኛል። ሕይወቱ በኢንሱሊን ላይ የተመሠረተ ሕመምተኛ መርፌውን ሲተው ያለው ጊዜ በቀናት የሚቈጠር ነው።

ይህን ለመረዳት «ስኳር» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር አንድ በሽታ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የምንበላው እህል በደማችን ውስጥ ስኳር ይሆናል፤ ስኳሩ ከደም ወደ ሰውነታችን ሕዋሳት እንዲገባ በሩን የሚከፍተው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው። አንደኛው ዓይነት በሚባለው ሕመም ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ብዙ ጊዜ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይታያል። እንዲህ ያለው ሰው እየበላ ይራባል፤ ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው የራሱን ስብ ያነዳል፣ ከዚያ የሚወጣውም አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ የተለየ ነው። በእርሱ ኢንሱሊን ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሰውነት አይታዘዘውም፣ ወይም መጠኑ አይበቃም። በዓለም ላይ የሚበዛው ይህ ሁለተኛው ነው። ሚኒባስ እግርን በተካበት፣ ለስላሳ መጠጥ በየሱቁ በተደረደረበት በእንደኛ ያለው ከተማም እየበዛ መጥቷል።

አሁን ወደ ተራራው እንመለስ። ሁለተኛው ዓይነት ሕመም ያለባቸውን አንድ ወፍራም ጎልማሳ እናስብ። ሱባኤ ገብተው ለሳምንታት በቀን አንድ ጊዜ ቆሎና ጥቂት እንጀራ ብቻ ይቀምሳሉ፤ ጠዋት ማታ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ጠጅና ለስላሳ አይነኩም፤ ክብደታቸው ይቀንሳል። ሲለኩ ስኳራቸው ወርዶ ይገኛል። ይህ ቅዠት አይደለም፣ እውነት ነው። በብሪታንያ የተካሄደውና ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ዳይሬክት የተባለው ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል በሐኪም ክትትል ምግባቸውን እጅግ ቀንሰው ከከሱት ወደ ግማሽ የሚጠጉት (46 በመቶ) ከዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ልክ በታች መሆኑን አሳይቷል። ሐኪሞቹ ይህን «ፈውስ» ብለው አልጠሩትም፤ ክብደቱ ሲመለስ ሕመሙም ይመለሳልና። እኒህ ሰው ግን ከጾሙና ከዳገቱ በተጨማሪ ጸልየዋል፣ አልቅሰዋል፣ ንስሐ ገብተዋል። እግዚአብሔር በጾማቸውና በእርምጃቸው አልሠራም የሚል ማን ነው? እኔ አልልም። ቆመው «ማርያም ማረችኝ» ቢሉ አብሬያቸው አመሰግናለሁ።

ችግሩ ከምስክርነታቸው በኋላ የሚመጣው ነው። ከሕዝቡ መካከል አንድ የ15 ዓመት ልጅ ይዛ የቆመች እናት ትኖራለች። የልጇም በሽታ «ስኳር» ይባላል። እርሳቸው መድኃኒታቸውን ትተው ዳኑ፤ እርሷ ግን መርፌውን በቦርሳዋ ይዛለች። እምነቷ ጎዶሎ ሆኖ ይሰማታል። ይህን የሚያባብስ ሌላም ነገር አለ። አንደኛው ዓይነት ሕመም ተገኝቶበት ኢንሱሊን መውሰድ የጀመረ ልጅ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀሩት ጥቂት የቆሽት ሕዋሳት ዕረፍት አግኝተው ለጊዜው ያገግማሉ። የሚያስፈልገው ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ ስኳሩ በጥቂት መድኃኒት ጸጥ ይላል። ሕክምናው ይህን ጊዜ «ጫጉላ» ይለዋል፤ እንደ ጫጉላም ያልፋል። ልጁ በዚህ ወቅት ጠበል ከተጠመቀ ቤተ ሰቡ የሚያስበው ግልጽ ነው። ከወራት በኋላ ሕመሙ በሙሉ ኃይሉ ሲመለስ መርፌው ተጥሎ ይገኛል።

ስለዚህ ምስክርነት ቀላል ነገር አይደለም። ሥነ ምግባር ስናስተምር በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ በችሎት ፊት ብቻ እናየዋለን። እውነተኛ ነገር ግን ባልተሟላ መልክ የሚናገር ሰውስ? «ዳንሁ» ማለቱ ሐሰት አይደለም፤ «አንተም መድኃኒትህን ብትተው ትድናለህ» ማለቱ ግን እርሱ የማያውቀውን ነገር መመስከር ነው። የራሱን ሥጋ ያውቃል፣ የዚያን ልጅ ቆሽት አያውቅም። እግዚአብሔር ለእርሱ ያደረገውን ይናገር፤ እግዚአብሔር ለሌላው እንዲህ ያደርጋል ብሎ ዋስ መሆን ግን ለሰው አልተሰጠም። በየስብከቱም በየጸሎት ቡድኑም ምስክርነት የምናሰማ ሁሉ፣ እኛ ካህናትም ጭምር፣ ይህን ልዩነት ከምእመናን በፊት ለራሳችን ልንነግረው ይገባል።

«ታዲያ መድኃኒት ይዞ መጠመቅ እግዚአብሔርን መጠራጠር አይሆንምን?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ በቅን ልብ የሚጠየቅ ስለሆነ በዘለፋ መመለስ የለበትም። ዲያብሎስ ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ያለውን እናስታውስ። ራስህን ወርውር ያለው የእግዚአብሔርን ተስፋ ከመጽሐፍ እየጠቀሰ ነበር፤ ፈተናው የእምነት ልብስ ለብሶ ነው የመጣው። ጌታ ግን አልዘለለም፤ አለመዝለሉም የእምነት ጉድለት አልነበረም። ደረጃ እያለ ከጫፍ መዝለል አብን መፈተን ነው። መርፌው ለሕመምተኛው ልጅ ደረጃው ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ በሽተኛው እንዲጸልይም፣ ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥም በአንድነት ያዛል፤ አንዱን ከሌላው አያስመርጥም።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርትም በዚሁ ጎዳና የሚሄድ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ሕይወትና ጤና ከእግዚአብሔር በአደራ የተሰጡን ሀብቶች እንደ ሆኑና ልንንከባከባቸው እንደሚገባ ይናገራል፤ እጅግ የበረታ ጸሎትም ቢሆን ሁልጊዜ ከሁሉም በሽታ ፈውስ እንደማያስገኝ ሳይሸሽግ ይገልጻል። በ2000 እ.ኤ.አ. የእምነት ትምህርት ጉዳይ ማኅበር ስለ ፈውስ ጸሎት ባወጣው መመሪያም ወደ ጸሎት መሄድ ጤናን ለመጠበቅ የሚረዱትን የተፈጥሮ መንገዶች እንደማያስቀር፣ እንዲያውም እንደሚያበረታታ ተመልክቷል። እመቤታችን በ1858 እ.ኤ.አ. የተገለጸችበትን ሉርድን እንመልከት። በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሕሙማን ይሄዳሉ፤ ከሐኪሞቻቸው፣ ከነርሶቻቸውና ከመድኃኒቶቻቸው ጋር ነው የሚሄዱት። «ዳንሁ» የሚል ሲገኝ ሐኪሞች ይመረምሩታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ በይፋ የተቀበለቻቸው ፈውሶች ከ70 ጥቂት ብቻ የሚበልጡ ናቸው። ቁጥሩ ማነሱ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ለእውነት የተሰጠ ክብር ነው። ሳይፈወሱ የተመለሱትም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ የሚል ሰው ሉርድን አላወቀውም።

በጠበል ቦታ ስለሚደርስ ሌላ ስሕተትም መናገር አለብኝ፤ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተለይ ልብ ይበሉት። ኢንሱሊን የጎደለው ሰው ውኃ ይጠማዋል፣ አብዝቶ ይሸናል፣ ይከሳል፤ በመጨረሻም ያስታውከዋል፣ ሆዱን ይቈርጠዋል፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፣ ከአፉ እንደ በሰበሰ ፍሬ ያለ ሽታ ይወጣል። በጠበል ቦታ ማስታወክ «መተቱ ወጣለት» ተብሎ በእልልታ ሊታይ ይችላል። በተቃራኒው መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ያልቀመሰ ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የማይያያዝ ነገር ይናገራል፣ ሊቈጣና ሊታገልም ይችላል። ይህን ያየ ሰው «መንፈሱ ጮኸ» ቢል አይደንቅም። የመጀመሪያው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ሁለተኛው፣ መዋጥ ከቻለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ ቢጠጣ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ያውቃል፤ ከዚያ ምግብ ይቀምሳል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመርም፤ ሊያንቀው ይችላልና ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሳይመረምሩ በልጅ ላይ ርኩስ መንፈስ አለ ማለትም የሐሰት ምስክርነት መንገድ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ሕመምተኛውን የሚጫነው ወቀሳ አለ። ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፣ የሆዳም ቅጣት ነው ሲባል እንሰማለን። ጌታን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የጠየቁት ደቀ መዛሙርትም የፈለጉት በደለኛውን ማወቅ ነበር፤ እርሱ ግን ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። የሀገራችን ሐኪሞች ያገኙትም ይህን ወቀሳ የሚያፈርስ ነው። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደርና በጅማ አካባቢ ያጠኑትን በ2009 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጮችና ድሆች እንደ ሆኑ አሳይተው፣ ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም እንደገና እንዲመረመር ጠየቁ። ይህ ዓይነት በ1985 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ስም ነበረው፤ በ1999 ከምደባው ወጣ። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። በረኃብ ምክንያት የታመመን ገበሬ በሆዳምነት መውቀስ እንዴት ያለ ፍርድ ነው!

እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ መርፌ የሚወጋ ሰው «ድኛለሁ» ማለት ይችላልን? በጥር 1922 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ ሌኦናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ከተወጉት ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያ በፊት ለእንደ እርሱ ያሉ ልጆች የሚታዘዘው ሞትን በጥቂቱ የሚያዘገይ የረኃብ አመጋገብ ነበር። ሌኦናርድ ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ነገር ግን 13 ዓመት ጨምሮ ኖረ። መድኃኒቱን ያገኙት ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕም የባለቤትነት መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው በየአንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ሰጡ። (ዛሬ በብዙ አገር የኢንሱሊን ዋጋ ከድሃ አቅም በላይ መሆኑን ሳስብ ያ አንድ ዶላር ይከነክነኛል።) ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልራቀለትም፣ ጸጋው ግን በቃው። ጳውሎስ አልዳነም የሚል ክርስቲያን የለም።

ይህ ዓይነቱ መዳን አንድ ቀን የሚፈጸም ሳይሆን በየዕለቱ የሚኖሩት ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ የተጠናቀቀው ታላቅ ጥናት፣ አንደኛው ዓይነት ሕመም ያለባቸውን 1,441 ሰዎች በአማካይ ለ6 ዓመት ተኩል ተከታትሎ፣ ስኳራቸውን በትጋት የተቈጣጠሩት በዓይን፣ በኩላሊትና በነርቭ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እጅግ እንደ ቀነሱ አረጋገጠ። ትጋቱ ግን ያደክማል። ደም መለካት፣ መወጋት፣ ከሠርግ ማዕድ ላይ እጅን መሰብሰብ፣ ነገም እንደገና ይህንኑ ማድረግ። ስልቹነት የሚመጣው ከእምነት ማነስ ሳይሆን ከዚህ ድግግሞሽ ነው። «ጠበሉ አንድ ጊዜ ይገላግለኝ» የሚለው ምኞትም የሚወለደው ከዚህ ድካም ይመስለኛል። ስለዚህ የደከመውን ሰው «መድኃኒትህን እንዳትተው» ብሎ ማዘዝ ብቻ አይበቃም፤ ከድካሙ ጥቂቱን አብሮ መሸከም ያሻል።

ለምሳሌ ጾምን እንመልከት። ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነፃ መሆኑን እያወቅን፣ በፍልሰታ ሳምንት የምትበላዋን እናት በዐይናችን ስንገላምጥ ሕጉን በአፋችን አጽድቀን በፊታችን እንሽረዋለን። መጾም የምትፈልግም ካለች አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ ኢንሱሊንም ሆነ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን ወስዶ ባዶ ሆድ መዋል አደገኛ ነው። «ስላልበላሁ መርፌውን ልተወው» ማለትም አንደኛው ዓይነት ሕመም ላለበት ሰው ያው የሞት መንገድ ነው፤ ሐኪም መጠኑን ያስተካክላል እንጂ ኢንሱሊን ጨርሶ አይቋረጥም። ከቁርባን በፊት ስላለው ጾምም የ1983ቱ የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 919 አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና አስታማሚዎቻቸውን ነፃ ያደርጋል፤ የግእዝ ሥርዓታችን ምእመናንም ቆሞሳቸውን በግልጽ ይጠይቁ፣ በስኳር ማነስ በቅዳሴ መካከል ከመውደቅ ይህ ይሻላል።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤትም ተስፋ አይቍረጥ። በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት መሠረት ያደረገና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋልል ሙቀት ለ4 ሳምንት ኃይሉን እንደ ጠበቀ አሳይቷል። የእንጦጦ ግርጌ ከዚያ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ የሸክላ ማሰሮ በጥላ ቦታ ቢቀመጥ ይጠቅማል፤ ፀሐይና በረዶ እንዳይነኩት ብቻ ይጠንቀቁ። የጤና መድኅን መዋጮ መክፈል ያቃተው ቤተ ሰብ ካለ የቁምስናው የበጎ አድራጎት ማኅበር ቢከፍልለት ከብዙ ምጽዋት የሚበልጥ ምጽዋት ነው።

የእግርን ነገር ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ስኳር ለዓመታት ነርቭን ሲጎዳ እግር ሕመም መስማት ያቆማል። በጠጠር የሚወጣ ጠበልተኛ፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ በተቀደደ ጫማ የምትወርድ እናት፣ በብርድ ጊዜ እግሩን ከከሰል ምድጃ አስጠግቶ የሚሞቅ ሽማግሌ፣ ቈስለውና ተቃጥለው ሳያውቁት ያድራሉ። ቍስሉ ያመረቅዛል፤ ብዙ እግርም የሚቈረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመምተኛው በየምሽቱ ውስጥ እግሩን በብርሃን ይመልከት፤ ዐይኑ ከደከመ ልጁ ወይም ጎረቤቱ ይይለት። ለካህናትና ለበረኞችም አንድ ልመና አለኝ፤ ስለ ክብረ ቅድስና ጫማ በሚወለቅባቸው አብያተ ክርስቲያናት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በንጹሕ ካልሲ ወይም በቤት ጫማ ልግባ ሲል አይከልከል። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ዝቅ ብሎ ሲያጥብ አንድ በአንድ ሳያይ አላለፈም።